ያለ ቪዛ ኦዴሳ የወረዱት አያ ውቤ

ትምህርቴን ጥዬ ከጎንደር ከወጣሁ በኋላ በመንገደኞች መርከብ ላይ ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። ዓለምን ልይ ብለው የተሳፈሩት የኮሶዬው አዛውንት አያ ውቤ፣ ኦዴሳ ስንደርስ፣ ከመርከቡ የሚታየውን ጉልላት እያሳዩ፣ «ያንን ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም አልመለስም» አሉ።

መንገደኞችን ልታስጎበኝ ከመጣች ሴት ጋር የቆመው የወደቡ ዘበኛ አገዳቸው። እሱም እኔም ጣልያንኛ ስለምንሞካክር አስተረጎምኩ፦

«ቪዛ የሌለው መንገደኛ የሚወርደው ከአስጎብኚዋ ካልተለየ ነው፤ ቢጠፉስ? ይላል።»

«ምነው፣ ለዚች ነው?» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ከአስጎብኚዋ ካፖርት ጋር ቋጠሩት። በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዲህ ይቆራኙ ነበር። «በል ንገረው፤ ከጠፋሁ እሷም አብራኝ ጠፋች!»

እኔ በሀፍረት አቀረቀርኩ። አስጎብኚዋ ግን ሳቀች፤ ዘበኛውም ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ፈተሸና አሳለፋቸው። ብልሃታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አንተስ?» አለኝ ዘበኛው።

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ቪዛም የለኝ።»

የሚያየው ሰው አለመኖሩን ዘወር ብሎ አየና የራሱን ካፖርት ጫፍ ዘረጋልኝ።