ሦስት ለባዶ

ያ ድል ድምፄን አስከፈለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። በቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሲባል ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ለዓመታት የቆጠብኩትን ድምፅ፣ የሀዋሳ ልጆች ሻሸመኔን ሦስት ለባዶ ሲያሸንፉ በአንድ እሁድ ጨረስኩት።

ሰኞ ጠዋት ሀዋሳ ፒያሳ ያለውን የጨርቅ ሱቄን ስከፍት እግሬ መሬት አይነካም ነበር። በረንዳዬ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የሻሸመኔ ሰው ነው፤ የምለውን ሳዘጋጅለት ነው ያደርኩት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ንፋስ ብቻ ነው።

«ምነው ወንድሜ፣ ጉሮሮህን ማን ቆለፈው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሦስት ጣቴን አወጣሁለት።

«ሦስት ሜትር? ለማን ልቁረጥ?» አለኝ፣ እንዳልገባው ሆኖ።

በዚህ መሃል ከቱላ የመጡ አንዲት እናት የአቡጀዲ ዋጋ ጠየቁኝ። እሱ ቀደመኝ።

«ይቅርታ ያድርጉለት እናቴ፤ ትናንት በኳስ ተሸንፈው፣ ሲያለቅስ አድሮ ነው ድምፁ የተዘጋው።»

እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስተባበልኩ። ሳቄም አልቆም ብሎኝ እንባዬ መጣ። እሳቸው እንባውን አዩ።

«አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ ዋጋ ሳይከራከሩ ገዝተው ሄዱ።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ነጋዴ ነኝ፤ ለቀጣዩ ደንበኛ ራሴው እንደተሸነፈ ሰው አንገቴን ደፋሁ።

ድምፄ ሐሙስ ተመለሰ። ውጤቱ ግን ያው ሦስት ለባዶ ነው።