ከዝርዝሩ ውጪ የነበረው ቤት

አለቃዬን ጋሽ ሚዛኔ የምንለው ቀኑን ሙሉ የመብራት ጭነት ሲያመጣጥን ስለሚውል ነው። ከሥራ መልስ ሰው ሁሉ ውሃ ማሞቂያውንና ልብስ ማጠቢያውን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ኃይሉ አይበቃም፤ እኛ ካልደረስንለት ከተማው እንዳለ ይጨልማል። ስለዚህ በየቤቱ ከባድ ዕቃ የሚሰካበትን መስመር ከቢሯችን ሆነን፣ ሰፈር በሰፈር እያፈራረቅን፣ ለሃያ ደቂቃ እናጠፋለን። አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ስለማይነካ ብዙው ሰው ልብም አይለውም።

የማይጠፉ ቤቶች ዝርዝር አለ። በዚሁ መስመር በሚሰካ የመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር በሽተኛ ካለ ቤተሰቡ ቅጽ ይሞላል፣ ተቆጣጣሪ ሄዶ ያያል፣ ቤቱ ይመዘገባል። ጋሽ ሚዛኔ በዚህ ዝርዝር ቀልድ አያውቅም። አንዴ ሥራ አስኪያጁ የአማቱን ማቀዝቀዣ እንዲያስገባለት ቢለማመጠው፣ "የአማትህ ሥጋ ኦክስጅን ይተነፍሳል እንዴ?" ብሎ አሳፍሮ መልሶታል። ለእኔም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቤት የእናትሽም ቢሆን ይጠፋል።"

ልጅ እንኳ አይደለሁም፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ግን ከእሱ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ያልነገረኝ ነገር ነበር። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሳንባዋ አልቆ በዚያ መሣሪያ ነበር የምትተነፍሰው። ቅጹን አልሞላላትም። "ለእህቱ ሲሆን አወቀበት" እንዳይባል ፈርቶ! የእሷ ሰፈር ተራ በደረሰ ቁጥር የእሷን ቤት ብቻ በእጁ ነጥሎ ያስቀር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁም። ስሙ እንዳይነሳ ብሎ የእህቱን ነፍስ በገዛ ጣቱ ላይ አንጠለጠላት። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥርሱ አላስቀምጥ አለው። ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል።

"ሂድ ተነቀል፣ እኔ አለሁ" አልኩት።

"ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።

ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ቀረና ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አቆየው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የእህቱ ሰፈር ተራ ደረሰ። ዝርዝሩን አየሁ። ማጥፊያውን ተጫንኩ።

መሣሪያው ሲቆም የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር የምትከፍትላት ልጇ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። መሣሪያው ጮኸ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንም ይጮኻል። የቤቱ አምፖል በርቷል፣ ማን ምን ይጠርጥር? ልጅቷ ስትመለስ እናቷን ከአልጋ ወርዳ ሲሊንደሩ ሥር ወድቃ አገኘቻት። ነፍሷ ወጥታ ነበር።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ምንም አላወቅሁም። ጋሽ ሚዛኔ ጉንጩ እንዳበጠ በር ላይ ጠበቀኝና ሁሉንም እዚያው ቆሞ ነገረኝ። ግድግዳውን ያዝኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለልጅቷ መሣሪያው በራሱ ተበላሽቶ ነው ብያታለሁ። እባክሽ" አለ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እትዬ! ሱቅ በር ላይ ከጓደኛዬ ጋር ወሬ ይዤ ቆየሁ። አምስት ደቂቃ ብቀድም ኖሮ ሲሊንደሩን እከፍትላት ነበር። አምስት ደቂቃ!"

ቀና ብዬ አጎቷን አየሁት። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ ጠበቅኩ። እሱ ወለሉን ያያል። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። "አይዞሽ" ብዬ ጀርባዋን ዳበስኩላት።

ይኸው ዓመት አለፈ። ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ቤት ተቀምጣለች አሉ፤ ከጓደኛዋም ጋር አትነጋገርም። እሱም እኔም አልነገርናትም።