መውለድ ይሸፈናል

ሰበታ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ክሊኒክ በነርስነት የገባሁ ዕለት፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ኦቦ ደረጀ የመድኃኒት ክፍሉን ከፍተው አሳዩኝ። «ሲስተር፣ የሠራተኛው ሕክምና በሙሉ በድርጅቱ ነው። ወሊድም ይሸፈናል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀድሞ በሠራሁበት የቡራዩ የግል ክሊኒክ፣ ገንዘብ የሌለውን መመለስ ሥራዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሴቶቹ የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ጠየቁኝ። መደርደሪያው ላይ የለም። ኦቦ ደረጀን ብጠይቃቸው ሳቁ።

«እርግዝና እኮ በሽታ አይደለም፣ ሲስተር። ደግሞ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።»

እውነታቸውን ነው፣ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው የሚሠራው ግን ሴቶቹ ማሽን ላይ በሚቀመጡበት ሰዓት ነው። ፈቃድ ደግሞ ለታመመ ብቻ ነው።

ጫልቱ የስፌት ማሽን ላይ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የልብ ሕመም ስላለባት ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳታረግዝ አስጠንቅቆ፣ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ አዘዘላት። የልቧን መድኃኒት በየወሩ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ይሸፈናል። መቅበሩንም ሠልጥኜበታለሁ። የምቀብረው ነው ያጣሁት።

አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ጤና ጣቢያ ሄደች። «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ተባለች። በማግስቱ ፋብሪካው ማስጠንቀቂያ ሰጣት።

«ሲስተር፣ ድጋሚ ከቀረሁ ያባርሩኛል። ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለችኝ።

ሕመሟን እንድናገር አስፈቅጃት ኦቦ ደረጀ ዘንድ ገባሁ።

«ፈቃድ ይስጧት። ይህቺ ልጅ ካረገዘች ትሞታለች።»

«አሁን ታማለች?»

«አይ፣ ለጊዜው ልቧን መድኃኒቱ ይዞላታል። እንዳትታመም ነው።»

«ስትታመም እንልካታለን። ደንቡን እኔ አላወጣሁት።»

ክፉ ሰው አይደሉም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጫልቱ አረገዘች። ከዚያ ወዲህ ያልተሸፈነ ነገር አልነበረም፤ ምርመራው፣ አልጋው፣ አምቡላንሱ። ፈቃድም አገኘች። በሰባተኛ ወሯ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ልጁም አልተረፈም።

ለቅሶው ፉሪ፣ ቤቷ ነበር። ኦቦ ደረጀ እያለቀሱ የባሏን ትከሻ ይዘው፣ «ስለ ሆስፒታሉ አታስብ፣ ሁሉንም ድርጅቱ ሸፍኗል» አሉት።

«ገለቶማ፣ ኦቦ» ብሎ አመሰገናቸው። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከቀብሩ በኋላ ስብሰባ ተጠራ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደንቡ ጡረታ እስክወጣ እንዳለ ቆየ። ዛሬም አልተነካም ይሉኛል።

አዲስ ለምትገቡ ነርሶች የምነግራችሁ ይህን ነው። ደንቡ የሚከፍለው ለታመመ ነው። እንዳትታመም የምትለምን ሴት ስትመጣባችሁ፣ እጃችሁ ባዶ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ።