መምህርት ስንዱና ሳይዘጋ የቆየው ማህደር

መምህርት ስንዱ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ እንጅባራ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የወሰዳቸው ለወራት ሲያሰቃያቸው የነበረው የልብ ሕመም ነው። ቀብራቸው በማግሥቱ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ዝናቡ አላቋርጥ ስላለ የተዘጋጀው የሕይወት ታሪካቸው ሳይነበብ ቀረ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምትክ ነው። ደግሞም በዚያ ወረቀት ውስጥ ያልተጻፈ፣ ከእኔ በቀር ማንም ሊናገረው የማይችል አንድ ነገር አለ።

መምህርት ስንዱ የተወለዱት ዘንገና አካባቢ ነው። ከእናታቸው ጋር በአውንጊ፣ ከእኛ ከተማሪዎቻቸው ጋር በአማርኛ ይነጋገሩ ነበር። እንጅባራ ውስጥ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ኋላም ኮምፒውተር አስተምረዋል። እኔም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ የእርሳቸውን ይዞ ይውላል፤ ምሳ የሌለውም ከቤታቸው ቀቅለው ካመጡት ድንች ይካፈላል። አበላሁ ብለው ሲያነሡት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም፤ የሚያውቋቸው ሁሉ ያውቁታል። የኮምፒውተር ክፍሉን ከቆለፉ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ቁልፉን ይጎትቱታል። መንገድ ለመሻገር የመጨረሻው ባጃጅ እስኪያልፍ ይቆማሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል» እያሉ ሲቀልዱባቸው «እውነታችሁን ነው፤ እፈራለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማይፈራ ሰው ነው» ይሏቸው ነበር።

ስለ ሰርቨር፣ ድረ ገጽን አስቀምጦ ለሚጠይቅ ስለሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ሲያስተምሩን የተናገሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ድረ ገጽ ስትሠሩ ሰው የሚያየውን ታሳምራላችሁ። ሰው ማየት የሌለበትን ግን ለሰርቨሩ ንገሩት። ካልነገራችሁት አያውቅም፤ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል።» ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ጽፌው ግን አልሠራሁበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከባሎቻቸው ዱላ ለሸሹ ሴቶች መጠለያ የሚፈልግና ጠበቃ የሚያቆም አንድ አነስተኛ ማኅበር ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ድረ ገጹን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ጉዳያቸውን ይሞሉበታል፤ የሐኪም ማስረጃና የቀበሌ ደብዳቤ ፎቶ አንሥተው ይልኩበታል። መምህርት ጡረታ ወጥተው ስለነበር የማኅበሩ ሰዎች ድረ ገጹን እንዲመረምሩላቸው ለመኗቸው። እሺ ብለው መጡ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ገጹን አዩና «ያምራል» አሉኝ። ቀጥለው አንድ የተላከ ወረቀት ከፈቱ። ከዚያም ከላይ ካለው አድራሻ ላይ የወረቀቱን ስም አጥፍተው፣ ወረቀቶቹ የተከማቹበትን የማህደሩን ስም ብቻ አስቀርተው ተጫኑ። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቅ ማህደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። እያንዳንዱ ወረቀት በባለቤቱ ስም ተሰይሟል።

«ይኼን ማን ያየዋል?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው። ማንም አያየውም ማለቴ ነበር።

«ማንም» ብለው ደገሙት። ሲደግሙት ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ።

ወዲያው ሰርቨሩን አቆሙት፤ ድረ ገጹ እንዳለ ጠፋ። እኔ ወረቀቶቹን ለማንሣት ስጣደፍ ክንዴን ያዙኝ። «አትንካ። መጀመሪያ ማን እንደገባ እንይ።»

ሰርቨር የሚጎበኘውን ሁሉ ይመዘግባል፤ የመጣበትን የኢንተርኔት ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የከፈተውን ነገር። መምህርት መዝገቡን ቀድተው መስመር በመስመር አነበቡት። አብዛኛው የእኛው የቢሮ ቁጥር ነው። ሰኞ ጠዋት ግን አንድ የማናውቀው ቁጥር ገብቶ አንድ ወረቀት ብቻ ከፍቷል። ማክሰኞም ተመልሶ ያንኑ ወረቀት ወስዷል።

ወረቀቱ የአንዲት ሴት ነበር። እዚህ ላይ ትርንጎ እላታለሁ፤ ስሟ አይደለም። ከጫግኒ ሸሽታ ዳንግላ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። በወረቀቱ ላይ ቀበሌዋና የአከራይዋ ስም ሰፍረዋል።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ይከብደኛል። «ቁጥሩ ማን እንደሆነ አይናገርም» አልኳቸው። «ለማየት የገባ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ዘግተነዋል። ለማንም ሳንናገር ብናስተካክለውስ?»

«ባሏ ቢሆንስ?»

«ላይሆን ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል» አሉ። «አንተ እሷን ብትሆን በዚህ ተማምነህ ትቀመጣለህ?»

መምህርት መልሴን ሳይጠብቁ ሄደው ለማኅበሩ ኃላፊ ነገሯት፤ እርሷም ለፖሊስ ልታመለክት ወጣች። እኛ ትርንጎ ስልክ ላይ ደጋግመን ደወልን። ኔትወርኩ እንቢ አለ። መምህርት ነጠላቸውን አነሡ፤ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ሾፌሩ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል። መምህርት ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጨምድደው ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ምነው ቶሎ ቢሄድ» ስል «ዝም በል፣ ማን አብሮን እንደተሳፈረ አናውቅም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

ዳንግላ ስንደርስ ጋሪ ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን። አከራይዋ በር ላይ ነበረች። ማንነታችንን ስንነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ጠይቋት ነበር» አለች። «ዘመዷ ነኝ አለ። ሁኔታው ስላላማረኝ እንዲህ ያለች ሰው እዚህ የለችም አልኩት። ሳይመልስልኝ ሄደ።»

«እሷስ?» አሉ መምህርት።

«እህል ልታስፈጭ ወጥታለች።»

መምህርት በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሄጄ ልፈልጋት ብል «አታውቅህም፤ የማታውቀው ወንድ ሲጠራት ትሸሻለች» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ጠበቅን። በመንገዱ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ እርሱ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ቆም ብሎ ጫማውን ሲያስር ተነሥቼ በሩ ፊት ቆምኩ።

በመጨረሻ ትርንጎ ዱቄቷን ተሸክማ መጣች። መምህርት ተነሥተው ወደ እርሷ ሄዱ። «ልጄ፣ ከማኅበሩ ነው የመጣነው፤ ወረቀትሽ ሰው ሊያየው በማይገባ ቦታ ተቀምጦ ነበር። ሰው ወስዶታል። ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን ከእኛ ጋር ተነሺ።»

ትርንጎ አላለቀሰችም። «ቤቱን ያውቃል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እንጃ። እንደሚያውቅ ቆጥረን እንሂድ።»

ዱቄቱን ለአከራይዋ ትታ ተከተለችን። ዘንገና፣ የመምህርት እኅት ቤት አደረስናት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አከራይዋ ደወለች። ባልየው ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ነበር። ወረቀቱን አሳትሞ ይዞታል። «ስምሽን አንብቢው» ብሎ በአከራይዋ ፊት ዘረጋላት። ፖሊሶቹ አስቀድሞ ተነግሯቸው ስለነበር ደርሰው ያዙት። ወረቀቱን ያገኘለት አንድ ዘመዱ እንደሆነ ኋላ ሰማን፤ የትርንጎን ስም ኢንተርኔት ላይ ጽፎ ሲፈልግ የእኛ ማህደር ወጣለት። ይኸው ነው፤ ሌላ ብልሃት አላስፈለገውም።

መምህርት ስልኩን ዘግተው ወደ ግቢው ወጡ። ፊታቸው ላይ ውኃ ሲረጩ ሰማሁ። ተመልሰው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «እንግዲህ ሥራ» አሉኝ።

ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። የኮምፒውተሩን ቁልፎች የሚነካው የእኔ እጅ ነበር፤ እርሳቸው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ የማህደር ዝርዝር ለማንም እንዳያሳይ ከለከልነው። ወረቀቶቹን ድረ ገጹ ከሚያቀርበው ቦታ አውጥተን ሌላ ስፍራ አኖርናቸው፤ ስማቸውንም በቁጥር ለወጥን። ከሴቶቹ ስልክ እስከ ሰርቨሩ የሚያልፈው ጽሑፍ በመንገድ እንዳይነበብ የሚያመሰጥር ሰርተፊኬት አስገባን። የአስተዳዳሪውን ገጽ ከቢሮው ቁጥር በቀር ሌላ እንዳይከፍተው አደረግን። አንዱን መስመር ከመለወጤ በፊት የነበረውን ያስቀዱኛል፤ ከለወጥኩ በኋላ ደግሞ «አሁን ሌባ ሁንና ግባ» ይሉኛል። መግባት ሲያቅተኝ እንኳ አያምኑም፤ ከራሳቸው ስልክ ይሞክሩታል። ወረቀታቸው ማህደሩ ውስጥ ለነበረ ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲነገራቸው አደረጉ። አንዳንዶቹ ሰድበውናል። መምህርት ስልኩን ሳይዘጉ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ «ሰርቨሩን በደንብ አላዘጋጀነውም ነበር» ብለው ተናገሩ። ሁልጊዜ «እኛ» ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱን የመምህርት አድርጎ ወሰደው፤ «አርጅተዋል፣ ተሳስተዋል» ያሉም ነበሩ። እርሳቸው አላረሙም። እኔም ዝም አልኩ። ስለዚህ የምታውቋቸው ሁሉ ይህን ስሙ፦ ማህደሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ያገኙት፣ የዘጉትና ሰው ያተረፉት መምህርት ስንዱ ናቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ ስጎበኛቸው ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። «ይፈራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በጣም» አሉኝ። «እጄን ያዘኝ።» ያዝኳቸው።

በሠልስቱ ዕለት ትርንጎ ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና በር በሩን ታይ ነበር፤ ባሏ ከእስር ወጥቷል። ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። «አሁን ወረቀቶቻችንን የሚጠብቀው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ።»

አየችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ሄደች።

መምህርት፣ ዛሬ ጠዋት የሰርቨሩን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ የማላውቀው ቁጥር አለበት፤ ሦስት ጊዜ የአስተዳዳሪውን ገጽ በር ነክቶ ተመልሷል። አልገባም። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገም ይመጣ እንደሆን አላውቅም። ድሮ ቢሆን ደውዬ «መምህርት፣ ይምጡና ይዩልኝ» እልዎ ነበር። አሁን የምደውልለት የለም። እርስዎን ፈጣሪ፣ ማንም አንኳክቶ ከማያስደነግጥበት ስፍራ ያሳርፍልን። እኔ መዝገቡን ነገም አነብባለሁ። ደኅና ይሁኑ፣ መምህርት።