ከበር ያልገባችው አልቃሽ

እናቷ የተቀበረችው ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ነው ትላለች አሞንዲ። ቆይታ ደግሞ፣ «አይ፣ እዚህ በሚያዝያማ ይዘንባል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ኦጉቱ አቧራውን እያቦነነ አይደል የመጣው?» ብላ ራሷን ትጠራጠራለች።

ኦጉቱ በሐይቁ ዳር መንደሮች ሁሉ የቀብር ቪዲዮ አንሺ ነበር። ድሮ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ፊልም ሲያቀናብርም «ይሄ ለቅሶ ሰፍቷል፣ ትንሽ ይጥበብ» ይላል። ሳያቅድ ካሜራ አይከፍትም። እንደ አገሩ ደንብ ማን እያለቀሰ ከበር ሮጦ እንደሚገባ፣ ማን መሬት ላይ እንደሚፈጠፈጥ፣ ማን ማንን እንደሚያነሳ በዋዜማው በደብተሩ ይደለድላል።

አሞንዲ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ።

«አንቺ ከየት ነው የምትመጪው?»

«እኔማ ከየት እመጣለሁ? እናቴን ሳስታምም ሦስት ዓመት ከዚህ ግቢ አልወጣሁም።»

«ከበር ያልገባ ሰው እንዴት አድርጌ ላስለቅስ?»

አክስቷ አፒዮ ጣልቃ ገባች። «ወንድምሽ ከሚሠራበት መርከብ ላይ ሆኖ የሚያየው ይህንኑ ቪዲዮ ነው። ‹እኅቴ ለእናታችን አንድ ዘለላ እንባ ነፈገች› ቢል ምን ልትመልሺ ነው?»

ይህ የአሞንዲን አንጀት ነካው። ወንድሟ ኦዴሮ ከልጅነታቸው ጀምሮ «ልብሽ ድንጋይ ነው» ይላት ነበር።

ስለዚህ በማግስቱ ኦጉቱ በሞተር ሳይክሉ ዋናው መንገድ ድረስ ወስዶ አወረዳት፤ «በእንግድነት» ትመጣ ዘንድ። «ወይኔ እናቴ!» እያለች ሮጣ ስትገባ፣ ያሳደገችው ውሻ ናፍቆቱን መቻል አቅቶት ደረቷ ላይ ተሰቀለ። ኦጉቱ መለሳት። በሁለተኛው ሙከራ፣ ዓሣ የያዙ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቶሎ አልቅሺልን፣ የኡጋሊው ገንፎ ቀዘቀዘ!» አሏት። በሦስተኛው ገና ከበሩ ሳትደርስ ሳቋ አመለጣት።

«ሰርግ መሰለሽ እንዴ አንቺ ሴት?» አለና ኦጉቱ ካሜራውን ዘጋ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊልሙን ጨርሶ አመጣ። ዘመድ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮለ። አሞንዲ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመች። አልቃሾች በየተራ ገቡ፣ ወደቁ፣ ተነሡ።

«ሁለቴ ነው የወደቅሁት! አንዱን ምን በላው?» አለች አፒዮ።

«አወዳደቅሽ አላማረማ፣ እሜቴ» አላት ኦጉቱ ከወንበሩ።

ሳቁ ሳይበርድ፣ በስተመጨረሻ፣ ማንም ያላቀደው ነገር መጣ። አንዲት ሴት በጓሮ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ታጥባለች። አጥባ ውኃ ሞላችበት። በሽተኛዋ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ይዛው ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ባዶውን አልጋ አይታ ቀጥ አለች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አሞንዲ የእናቷን ኩባያ እንጂ ሴትዮዋን ቶሎ አላወቀቻትም። የራሷን ማልቀስም እስከዚያ ድረስ አታውቅም ነበር።

«ለኦዴሮ ይኸው ይበቃዋል» አለች አፒዮ በቀስታ።

የትኛው ቀን ነበር? ኦጉቱ የት ቆሞ አያት? አይቶስ ለምን ዝም አለ? አሞንዲ ልትጠይቀው ዞር ብትል ወንበሩ ባዶ ነው። በወዲያኛው መንደር ሰው ሞቶ ተጠርቶ ኖሮ፣ ሞተር ሳይክሉ ከግቢው በር ወጥቷል፤ ውሻዋ እየጮኸ ይከተለዋል።