መምጣት አያስፈልግዎትም

አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው አይሸወድም የሚል ትዕቢት ነበረኝ። ወርቅ ቤቶቹ በራፍ ላይ ነሐስ ወልውሎ «የእናቴ ማስታወሻ ነው፤ ቸግሮኝ ነው የምሸጠው» የሚለውን አውቀዋለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የስልክ ካርቶን ውስጥ ሳሙና አሽጎ የሚሸጠውንም አውቀዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አጭበርባሪው ሁሉ በስልክ ቤቴ ድረስ ይመጣልኝ ጀመር። «እንኳን ደስ አለዎት! ሽልማት ደርሶዎታል። በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይሉኛል። «ልጄ፣ ሽልማቱ ላንተ ይሁን። ግን እስቲ ምን እንደሆነ ንገረኝ» እላለሁ። ቶሎ የማልዘጋው ለማላገጥ ብቻ አልነበረም። ሌላ የሚደውልልኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ልጅም አልወለድን። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ያለው የእኔ ቤት ሲተርፍ፣ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። ግድግዳ የምንጋራው ባለሱቅ ጓደኛዬ ከከተማው ጫፍ ደረሰው። ያ ግድግዳ ስስ ነበር፤ እሱ ሲያስነጥሰው እኔ ከአልጋዬ ሆኜ «ይማርህ!» እለው ነበር። ሲሄድ «እደውላለሁ» አለኝ፤ እኔም «እደውላለሁ» አልኩት። እኔ እሱ እስኪደውል ጠበቅሁ፤ እሱም እኔን ሲጠብቅ ኖሯል። የግትር ሽማግሌዎች ነገር እንዲህ ነው። አንድ ላይ የቀረን እድራችን ብቻ ነበር፤ እሱም በስልክ ሆነ። ሰው ሲሞት ይደወላል፣ መዋጮው በስልክ ይላካል፣ የቻለ ይመጣል።

አንድ ጠዋት ፒያሳ፣ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶዬን ስጠጣ ስልኬ ጮኸ። የወጣት ድምፅ ነው፣ ትሁት። «ጋሼ» አለኝ ስሜን ጠርቶ፤ «ከእድሩ ነው የምደውለው። መርዶ ነው የያዝኩት።» የባለሱቁን ስም ጠራ። «ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ስለሆነ ለማስፈጸሚያ የሚሆን የቻሉትን አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይላኩልን።»

ማኪያቶዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ስማችንን ከየት እንዳገኘ ዛሬም አላውቅም። በእኛ አገር ሰው ሞተ ሲባል «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሌባው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

«እልካለሁ» አልኩት እንባዬ እየመጣ። «ቀብሩ የት ነው? አሁን እነሳለሁ።»

«አይ ጋሼ፣ ግቢው በሰው ሞልቷል። መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ብሩን ብቻ ቶሎ ይላኩ። ቤተሰቡም ሐዘን ላይ ስለሆነ አይደውሉላቸው።»

እንባዬ ቀጥ አለ። በዕድሜዬ ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ፤ አትምጣ የሚል ለቅሶ ቤት ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ የተጣላ ሰው እንኳ ይገባበታል። በዚያ ላይ ጥድፊያው፣ በዚያ ላይ አትደውል ማለቱ።

«አንተ የማታፍር!» ብዬ ጮህኩና ዘጋሁበት። ቡና ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዘጋሁት እንጂ ልቤ አልረጋም። እውነት ሞቶ ቢሆንስ? ሌባ አንዳንዴ እውነት ይዞ ይዋሻል። ማረጋገጫው አንድ ብቻ ነበር፤ ራሴ የማውቀውን ቁጥር መደወል። ያን ሁሉ ጊዜ ያልደወልኩበትን ቁጥር። ቤቴ ገባሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደወልኩ። ብዙ ጠራ።

«ማነው?» አለ። ድምፁ የራሱ ነው፤ ግን ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ነኝ እንጂ! ስሜ ስልክህ ላይ አይወጣም እንዴ?»

«ይወጣል» አለ። «እሱን አይቼ እኮ ነው የፈራሁት። አንተ ሞተሃል።»

ባለፈው ወር ለእሱም ደውለውለት ኖሯል፤ ሟቹ እኔ ነበርኩ።

«ብር ላክህ?»

«ላክኩ እንጂ! አንተ ሞተህ ልሰስት?»

ከት ብዬ ሳቅኩ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። ወር ሙሉ ሞቼ ከርሜ አልሞተም የሚልልኝ አንድ ሰው አልተገኘም።

«ታዲያ ለምን ቀብሬ ላይ አልመጣህም?» አልኩት።

«እግሬ እንደ ድሮው አይደለም» አለ። «ልጁም መምጣት አያስፈልግዎትም አለኝ። ግቢው በሰው ሞልቷል ሲለኝ እፎይ አልኩ። ብቻውን አልሄደም፣ ሰው ሸኝቶታል ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ እዚሁ በሬን ዘግቼ አለቀስኩልህ።»

በመስኮቱ ግቢዬን አየሁት። አንድ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የተሰጣ ሸሚዝ አለ። ሁለቱም የኔ ናቸው።

«ግቢው በሰው ሞልቷል ሲልህ» አልኩት፣ «ውሸት መሆኑን እዚያው ላይ አታውቅም ነበር?»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ድሮ በግድግዳው በኩል እንደምሰማው።

«ቅዳሜ ለቅሶህን እደርሳለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ የግቢዬን በር ከፍቼ ጠበቅሁት።