የሁለት ሰዓት ከሩቧ ጨረቃ

ካርዱን ከግድግዳው አውርጂውና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። መስታወቱን አትጥረጊው፤ ስጠርገው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ይበቃዋል። አሁን ጻፊ። እንደምናገረው ጻፊው እንጂ አታሳምሪልኝ።

አያትሽ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። ሱቁ ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከአንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። ቤታችን ደግሞ እዚሁ ነው፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ። እናትሽ ገና አልተወለደችም። ሌላው ባል ከሥራ ሲወጣ ጠጅ ቤት ይገባል፤ የኔው ከሬዲዮ ወጥቶ ሌላ ሬዲዮ ላይ ይደፋል። ሥራውም እሱ፣ ጨዋታውም እሱ። የሩቅ አገር ጣቢያ ይፈልግና ሲያገኝ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ደብዳቤ ይልክላቸዋል። እነሱም “አዎ፣ ሰምተኸናል” ብለው ካርድ ይልኩለታል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ስቄ ነበር። ጆሮ ያለው ሰው በመስማቱ ምን ያስመሰግነዋል ብዬ።

ግን እሱ ጆሮ አልነበረውም። ወታደር ሳለ መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ግራ ጆሮው ጠፍቷል፤ ቀኙም እንደነገሩ ነው። በር ሲንኳኳ “ሰው መጥቷል” የምለው እኔ ነኝ። ድስት ሲገነፍል የምነግረው እኔ ነኝ። አንድ ቀን “አንቺ ሁለቱንም ጆሮዬን ይዘሽልኝ ነው የመጣሽው” አለኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

እና አንድ ቀን በመጽሔት ላይ አንብቦ መጣ። አሜሪካን አገር ያሉ ሰዎች፣ መንግሥት ሳይሆኑ፣ እንደሱ በሬዲዮ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ትንሽ ሳጥን ሠርተዋል። ሳጥኗ በትልቅ ሮኬት ጎን ተለጥፋ ሰማይ ወጥታለች። እኛ ትንሿ ጨረቃ እንላት ነበር። መሬትን ስትዞር ትጮሃለች፤ አራት አጫጭር፣ ከዚያ ሁለት። ቲ ቲ ቲ ቲ፣ ቲ ቲ። በነሱ ፊደል፣ በቴሌግራሙ፣ ሰላምታ ነው አለኝ። ሲሞቃት ትፈጥናለች፣ ሲበርዳት ትዘገያለች። ስለዚህ የሰማት ሰው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደጮኸች ቆጥሮ ከላከላቸው ሰዎቹ ሙቀቷን ያውቃሉ። ባትሪዋ ግን ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። ከዚያ ትሞታለች።

ይኸው ከሱቅ ትልቁን ሬዲዮ ተሸክሞ ቤት አመጣው። ከተማው መሀል ጫጫታ ነው፣ ቁልቁለቱ ይሻላል ብሎ። አጣና ላይ የብረት ዘንጎች አሰረና ከቆርቆሮው ጣራ ጎን ተከለው፤ በመስኮት እጄን አውጥቼ የማዞርበት እጀታም አበጀለት። ጎረቤታችን አንዲት የጉራጌ ሴት ነበረች፣ ጨዋታ አዋቂ። ቀና ብላ አየችውና “እትዬ፣ ይሄ ማስጫ የሚያደርቀው ልብስ ነው ወይስ መላእክት?” አለችኝ። ሠፈሩ አንድ ሳምንት ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እሱ አሥር ቀን አዳመጠ፣ ምንም የለም። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀና ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝ። ሹሹሹ ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚለው። “በዚህ ውስጥ ምን ይሰማል?” አልኩት። “እሱን ነው እኮ የምልሽ፣ አንቺ ስሚልኝ” አለ። እንዴት እንደሚሰማ ቀስ ብሎ ገባኝ። ምስር ስትለቅሚ ጠጠሩን አትፈልጊውም፤ ዓይንሽን ለቀቅ ታደርጊዋለሽ፣ ጠጠሩ ራሱ ይመጣል። ጆሮም እንደዚያ ነው።

ሐሙስ ቀን ነው። አፍንጮ በር አንድ ትልቅ ሰው ቤት ቁም ሳጥን የሚያክል ሬዲዮ ተበላሽቶ አስጠሩት፤ ገና ሳይነጋ ሄደ፣ የመጣው ሲመሽ ነው። ሲወጣ “አራትና ሁለት ከሰማሽ ሰዓቱን እዪ” ብሎኝ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጻፊ። ሱቅ ያለው ሰዓት የተሞላው በፈረንጅ ነው፣ ጣቢያዎቹን ለመያዝ። ቤት ያለው ባለ ደወሉ የጠረጴዛ ሰዓት ግን በኛ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሰዓት አውቃለሁ።

ማዳመጫውን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እጀታውን ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ጉለሌ፣ እንደገና ወደዚህ። አንድ ጣሳ ሽምብራ አጠገቤ አድርጌያለሁ። ከዚያ መጣች። ቀጭን ነች፣ ጥርት ያለች፣ አራት ከዚያ ሁለት። ሰዓቱን አየሁ፤ ትንሿ ሁለትን አልፋለች፣ ትልቋ ሦስት ላይ ናት። ትልቋ አንድ ደቂቃ እስክትራመድ ድረስ ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ሽምብራ ባዶ ሳህን ውስጥ ጣልኩ። አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። ስትመጣ ቀጭን የነበረው ድምፅዋ እያለፈች ስትሄድ ወፈረ፤ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍሽ እንደሚወፍረው። ከዚያ ሹሹሹ ዋጣት።

ማታ ገና በር ላይ እያለ ነገርኩት። “ስንት ሰዓት?” አለኝ። “ሁለት ሰዓት ከሩብ” አልኩት። ሽምብራውን አብረን ቆጠርን። ድምፅዋ መወፈሩን ስነግረው ግን ቆመ። “ይሄን ማን ነገረሽ?” አለኝ። “ማን ይነግረኛል? ሰማሁት እንጂ።” አቀፈኝ። “እየራቀ የሚሄድ ነገር ድምፁ ይወፍራል፤ እኔ አልነገርኩሽም፣ ጎረቤትም አያውቀውም። በቃ ሰምተሻታል” አለ። ይቺን ቃል ያዢልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ደብዳቤ ጻፈ። ለጓደኞቹም በየቡና ቤቱ አወራ፣ ሚስቴ ሰማቻት ብሎ። ትንሿ ጨረቃ በሳምንቱ ሞተች። ዳግመኛ አልሰማኋትም።

መልሱ ሲመጣ ምሳ ይዤለት ሱቅ ሄጄ ነበር። ሦስት አራት ጓደኞቹ ባንኮኒውን ተደግፈዋል። ደብዳቤውን ያነብላቸዋል፣ ፊቱ ግን ጠቁሯል። በሩ ላይ ቆምኩ። በጻፍክልን ሰዓት ከመሬት ወዲያ ማዶ ነበረች፣ እናንተ ዘንድ ልትሰማ አትችልም፣ የሰማችሁት ሌላ ነገር ይሆናል ይላል።

አንዱ ጸሐፊ ነበር፣ ለነገር የፈጠነ። “አይዞህ” አለው፣ “ከጎረቤት የስፌት መኪና ሰምታ ይሆናል። እሱም እኮ ቲ ቲ ቲ ነው።” ሳቁ። እኔ አያትሽን አየሁት። አሁን ስለ ድምፅዋ መወፈር ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አየኝ፣ አየሁሽ የሚል ምልክት ግን አልሰጠኝም። “ተዉአት” አለ፣ “ልታስደስተኝ ብላ ነው። የምወደውን ታውቃለች።”

ምሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ውሸታም አላለኝም። ቢለኝ እሟገተው ነበር። ልታስደስተኝ ብላ ነው ተብለሽ ምን ትመልሻለሽ?

ከዚያ ወዲያ ነገር ተለወጠ። በር ተንኳኳ ስለው ተነስቶ አያይም፣ መጀመሪያ “እርግጠኛ ነሽ?” ይላል። በሠፈር “እትዬ ስፌት” ተባልኩ፤ ያቺ ጎረቤቴ እንኳ ሳቋን አፍና “እትዬ ስፌት፣ ዛሬ ምን ይሰፋል?” ትለኛለች። ከሁሉ የባሰው ግን እኔ ራሴን መጠርጠሬ ነው። ማታ ተኝቼ ሰምቼ ነበር ወይስ ፈልጌ ነው እላለሁ። የሽምብራውን ጣሳ ከማጀት አወጣሁት። ፊት ለፊቴ እንዲሆን አልፈለግኩም።

ከስንት ወር በኋላ ይሄ ካርድ መጣ። ሳጥኗ ከመሬት በላይ ስትበር ተስላበታለች። አያትሽ መስታወት አሠርቶ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። “ምንድን ነው?” አልኩት። “ሌላ ቀን እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ” አለኝ። ጓደኞቹ መጡ፣ “ጆሮህ ተከፈተ” እያሉ ጀርባውን መቱት። እኔ ጠጅ ቀዳሁላቸው። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። እኔ ባልሰማትም እሱ ሰማት አልኩ። በየቅዳሜው ካርዱን እጠርገው ነበር፤ ለበዓል ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ያ የጠረጴዛ ሰዓት ቆመ። ለአርመኑ ወሰድኩት። ደግ ሰው ነበር፤ አማርኛው ግን ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፣ ዕድሜ ልኩን አልተቃናለትም።

“ሙሴ፣ ይቺ ሰዓት ቆማለች” አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ሳቀ። “አ፣ ይሄን ሰዓት አውቀዋለሁ። ይሄ ሰዓት ጨረቃ ሰምቷል።”

“ምን አልክ?”

“አንተ ነህ እኮ የሰማኸው” አለኝ፣ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ። “ባልህ ደብዳቤውን አሳየኝ፣ በጣም አዝኗል። እኔ ጠየቅኩት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ በየትኛው ሰዓት? የሱቁ ነው የቤቱ? የቤቱ በሐበሻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ልዩነት። ከሰዓት በኋላ መስሎት ነው የጻፈው፣ አንተ ግን ጧት ነው የሰማኸው። እዚች ባንኮኒ ላይ እኔ ራሴ ደመርኩለት። ሁለተኛ ላከ፣ ካርድ መጣ። ሰዓቱ ልክ፣ ቁጥሩም ልክ። አልነገረህም?”

ካርዱ የኔ ነው። ስጠርገው የኖርኩት የራሴን ጆሮ ነው።

“ነግሮኛል” አልኩት። “ነግሮኛል፣ ረስቼው ነው።”

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አትጠይቂኝ። አርመኑ ፊት ባሌን አሳልፌ መስጠት አፈርኩ። እሱ ግን እኔን ሲሰጠኝ አላፈረም።

ማታ ራት እየበላ ሳለ “እዚያ ካርድ ላይ ምን ይላል?” አልኩት።

“ምስጋና ነው አልኩሽ እኮ።”

“ሰዓት አለው?”

ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። “የለውም” አለ።

አልጮህኩም። እንዳልተማርኩ ያውቃል፤ በዚያ ነው የተሸሸገው። ፊቴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት እንደማላየው ያውቃል። ስድስት ሰዓቱን ስቶ ቢሆን ምን አለበት፤ ሰው ይሳሳታል። ስህተቱን ሲያገኝ ለኔ ማምጣት ነበረበት። ለጓደኞቹ “ሚስቴ ልክ ነበረች” ማለት አንድ ቃል ነው። በኔ ላይ የተሳቀውን ሳቅ እዚያው ትቶ፣ ክብሩን ብቻ መርጦ ወሰደ።

ከዚያ፣ እናትሽን አርግዤ እያለሁ፣ ሁለተኛ ትንሽ ጨረቃ ወጣች። አያትሽ እንደ ልጅ ሆነ። ሬዲዮውን እንደገና አመጣ፣ አጣናውን አቃና፣ ሁለቱንም ሰዓት በፈረንጅ ሞላ፤ ተምሯል እኮ። ማዳመጫውንም ራሱ አምጥቶ ደፋልኝ፣ እጁ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣች። አራትና ሁለት። ከፊተኛዋ ትንሽ ፈጠን ትላለች። መጣች፣ ወፈረች፣ ሄደች። እሱ አጠገቤ ነው፣ ከንፈሬን ያያል።

“ምን አለ?”

“ሹሹሹ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ሚስትህ ‘ልታስደስተው ብላ ነው’ እንዳትባል” አልኩት።

ዓይኑ ወደ ካርዱ ሄዶ ተመለሰ። ለሁለት ሳምንት ራሱ አዳመጠ፣ አልሰማም፤ ከዚያ ሬዲዮውን ወደ ሱቅ መለሰው። አብረን ስንት ዓመት ኖርን፣ አስታመምኩት፣ ቀበርኩት፤ እሱም ስለ ካርዱ አልነገረኝ፣ እኔም ስለ ሁለተኛዋ አልነገርኩት።

አሁን አንቺ አንብቢልኝ። ስም የማን ነው? አውቃለሁ፣ ግን አንብቢው። የሱ። ሰዓቱስ? አምስት ከሩብ ይላል? እሱ የነሱ የዓለም ሰዓት ነው፤ ለሱቁ ሰዓት ሦስት ይጨመርበታል፣ አያትሽ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚያሰላው። ስንት መጣ? ስምንት ከሩብ። ከዚያ ስድስቱን ቀንሺ። በጣትሽ ቁጠሪ፣ ማን ያይሻል።

ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ካርዱ ላይ ምንም እንዳትጽፊ፣ መልሰሽ ስቀይው። ወረቀትሽ ላይ ግን ጻፊ። እኔ እንደሰማኋት ጻፊ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ጧት የሚለውን እንዳትረሺ። ያን ማታ በር ላይ እኔም የረሳሁት እሱን ነው።